ፎቶ ውስጥ የሚገባ እንግዳ፦ ኤአይ የፈጠረውን ምስል ከእውነተኛ ፎቶ ጋር ማዋሐድ

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል)

ዛሬ የምንማማረው ስለ ፎቶ ነው። ቀድሞ የተነሳ አንድ ፎቶ አለን እንበል። በዚያ ፎቶ ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በተለምዶ ኤአይ የምንለው፣ የፈጠረውን ነገር ስንጨምርበት ተስማምቶ የሚቀመጠው እንዴት ነው? አንዳንዱስ ገና ከማየታችን "ይሄ ተለጥፎ ነው" የሚያሰኘን ምኑ ነው?

ጉዳዩ ብዙ ሰውን ይመለከታል። የፎቶ ቤት ባለሙያ፣ ማስታወቂያ ሠሪ፣ ዕቃውን በቴሌግራም የሚሸጥ ነጋዴ፣ የሠርግ አልበም የሚያዘጋጅ፣ የቤተሰቡን አሮጌ ፎቶ ማደስ የሚፈልግ ሁሉ ዛሬ በስልኩ ሊሞክረው ይችላል። መሣሪያው ቀሏል፤ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ግን አሁንም የሰው ዓይን ነው። ስለዚህ ዛሬ ዓይናችንን እናሠለጥናለን። ሬዲዮ ፎቶ አያሳይምና እኔ ስገልጽ እናንተ በሐሳባችሁ ተከተሉኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ መርሕ ልንገራችሁ፤ የቀረው ሁሉ ከእሱ የሚቀዳ ነው። እንግዳ የገባበትን ቤት ሥርዓት ያከብራል፤ ቤቱን በራሱ ሥርዓት ልለውጥ አይልም። ወደ ፎቶ የሚገባ አዲስ ነገርም እንዲሁ ለፎቶው መገዛት አለበት፦ ለብርሃኑ፣ ለጥላው፣ ለካሜራው ከፍታ፣ ለጥራቱም ለጉድለቱም።

ሁለት ምስል አጋጥሞ አንድ ማድረግን ያመጣው ኮምፒውተር አይደለም። በ1850ዎቹ ጉስታቭ ለ ግሬ የተባለ ፈረንሳዊ የባሕር ፎቶ ያነሳ ነበር። የዚያ ዘመን የፎቶ ኬሚካል ሰማያዊ ብርሃንን ከሌላው አብልጦ ስለሚቀበል ባሕሩ በደንብ ሲወጣ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሰማዩ ሲወጣ ደግሞ ባሕሩ ይጨልማል። ለ ግሬ ሰማዩን በአንድ ኔጌቲቭ፣ ባሕሩን በሌላ ኔጌቲቭ እያነሳ በኅትመት ጊዜ አድማሱ ላይ ያጋጥማቸው ነበር። አድማሱ በምክንያት የተመረጠ ነው። ሰማይና ባሕር በተፈጥሯቸውም የሚለያዩት እዚያ ስለሆነ ስፌቱ ለዓይን አይታይም። ስፌትን የተፈጥሮ ድንበር ባለበት መደበቅ ዛሬም ድረስ የዚህ ሙያ ሀሁ ነው።

በ1990 ፎቶሾፕ ለገበያ ሲቀርብ መቀሱና ሙጫው ወደ ኮምፒውተር ገባ። በ2003 ደግሞ ፓትሪክ ፔሬዝ፣ ሚሼል ጋንኜና አንድሩ ብሌክ አንድ ትልቅ ሐሳብ አሳተሙ። ዓይናችን የአንድን ነጥብ ቀለም ለብቻው አይለካም፤ ከጎኑ ካለው ነጥብ ጋር ያለውን ልዩነት ነው አጥብቆ የሚያየው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የሚለጠፈውን ነገር ቀለም እንዳለ በመገልበጥ ፋንታ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ልዩነት ገልብጠው፣ ጠርዙ ላይ ያለውን ቀለም ከተቀባዩ ፎቶ እንዲወስድ አደረጉ። ስፌቱ ጠፋ።

ከ2022 ወዲህ በሕዝብ እጅ የገቡት የኤአይ ሞዴሎች አንድ እርምጃ ጨመሩ፤ የሚለጠፈውን ነገር ራሳቸው ይፈጥሩታል። አዶቤ በግንቦት 2023 ጄኔሬቲቭ ፊል የተባለውን መሣሪያ ፎቶሾፕ ውስጥ አስገባ። እናንተ ቦታ ትመርጣላችሁ፣ የምትፈልጉትን በጽሑፍ ትነግሩታላችሁ፣ እሱ ይሞላዋል። አሠራሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ የተመረጠው ቦታ መጀመሪያ ትርጉም በሌለው የነጠብጣብ ትርምስ ይሞላል። ከዚያ ሞዴሉ በዙሪያው የቀረውን ፎቶና የጻፋችሁለትን ቃል እያገናዘበ ትርምሱን ደረጃ በደረጃ ያጠራዋል። ከዚህ የምንወስደው ቁም ነገር አለ። ሞዴሉ ብርሃኑን የሚገምተው ካሳያችሁት ዙሪያ ነው። ዙሪያውን ቆርጣችሁ ብታስቀሩበት በግምት ይሞላል፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ይስታል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ተግባር እንግባ። የመስቀል ዕለት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ግቢ የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ አስቡ። መሬቱ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። እናት ነጠላ ለብሰው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጆች ከኋላቸው ቆመዋል። ፀሐዩ ከግራ ነው። ከእናት በስተቀኝ ባዶ ቦታ አለና እዚያ መሶብ ማስቀመጥ ፈለግን።

መጀመሪያ የምንጠይቀው ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ነው። የልጆቹን ፊት እዩ፤ የትኛው ጉንጭ በራ? የአፍንጫቸው ጥላ ወዴት ወደቀ? የበርጩማው እግር ጥላስ? ሦስቱም መልሶች ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ። መሶቡም በግራ ጎኑ መብራት፣ በቀኝ ጎኑ መጥቆር አለበት።

ቀጥሎ የጥላው ርዝመት። ይህ በግምት የሚተው ነገር አይደለም፤ ይሰላል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በመስቀል ሰሞን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከአድማስ 33 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ጊዜ ማንኛውም የቆመ ነገር የሚጥለው ጥላ የቁመቱን አንድ ተኩል እጥፍ ያህላል። መሶባችን 80 ሴንቲሜትር ከሆነ ጥላው 1 ሜትር ከ20 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በዚያው ዕለት እኩለ ቀን ላይ ግን 1 ሜትር ከ70 የሚረዝም ሰው እንኳ ጥላው 30 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንድ ፎቶ ውስጥ የሁለት የተለያየ ሰዓት ጥላ ካለ ተመልካቹ ስሌቱን ባያውቅም ዓይኑ ይጎረብጠዋል።

ባሕር ማዶ ያለን ዘመድ ወደ ቤተሰብ ፎቶ ማስገባት የሚያስቸግረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ዋሽንግተን ውስጥ የቆመች፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ70 የሆነች እህት ጥላዋ ከ3 ሜትር ይበልጣል። በዚያው ዕለት አዲስ አበባ ውስጥ የቆመች እኩያዋ ጥላዋ 1 ሜትር ከ10 አይሞላም። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ የምታርፍበት ማዕዘንም ይለያል። እሷን ቆርጦ ከመለጠፍ በፊት በደመናማ ቀን ወይም በጥላ ሥር የተነሳችውን ፎቶ መፈለግ ይሻላል፤ የለሰለሰ ብርሃን ከሌላ ብርሃን ጋር ለማስማማት ይቀላል።

ወደ መሶቡ እንመለስ። ቦታ ስትመርጡ የመሶቡን ልክ ብቻ አትምረጡ፤ ጥላው የሚወድቅበትን መሬት ጨምራችሁ በቀኝ በኩል ሰፋ አድርጉት። ጠበብ ያለ ምርጫ ከሰጣችሁት ሞዴሉ ጥላ የሚጥልበት ቦታ ስለማያገኝ ጥላ የሌለው መሶብ ይሰጣችኋል። ብዙ ሰው "ኤአዩ ጥላ አይሠራም" እያለ የሚያማርረው ቦታ ሳይሰጠው ነው።

ጥላው ሲመጣ ደግሞ ሦስት ነገር መርምሩ። አንደኛ፣ መሶቡ መሬቱን በሚነካበት ቦታ ቀጭን፣ ጠቆር ያለ መስመር መኖር አለበት። እሱ ከሌለ መሶቡ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ሁለተኛ፣ ጥላው ከእግሩ አጠገብ ጠርዙ የጠራ ነው፤ እየራቀ ሲሄድ ይለሰልሳል። ሦስተኛ፣ ጥላ ጥቁር አይደለም። ፀሐይ ያልደረሰበትን ቦታ የሚያበራው ሰማይ ስለሆነ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በርጩማው ሥር ካለው ጥላ ቀለሙን ናሙና ውሰዱና ለመሶቡ ጥላ ተጠቀሙበት።

ብርሃን ራሱም ቀለም አለው። የእኩለ ቀን ፀሐይ፣ የብርሃን ቀለም በሚለካበት በኬልቪን፣ 5,500 አካባቢ ነው፤ ቢጫው የቤት አምፖል 2,700 ገደማ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበልጥ ይቀላል። የ10 ሰዓት ፀሐይ ከእኩለ ቀኑ ሞቅ ያለ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የተነሳ የሚመስል ነጣ ያለ መሶብ እዚያ ግቢ ውስጥ ባይተዋር ይሆናል። ብርሃን ከነገር ወደ ነገርም ይነጥራል። ቄጠማው በመሶቡ የታችኛው ክፍል ላይ ትንሽ አረንጓዴ ይጥላል፤ መሶቡም በበኩሉ በእናት ነጠላ ጫፍ ላይ ፈዘዝ ያለ ወርቃማ ቀለም ያሳርፋል። ይህቺን ትንሽ መቀባባት በስሱ ብሩሽ ስትጨምሩ መሶቡና እናት በአንድ አየር ውስጥ እንዳሉ ዓይን ይቀበላል።

ሦስተኛው ጉዳይ የካሜራው ከፍታ ነው። ፎቶው የተነሳው 1 ሜትር ከ50 ከፍታ ላይ ነው እንበል። ሜዳው ደልዳላ ከሆነ በካሜራው ከፍታ ላይ ያለ ነገር ሁሉ፣ ቅርብም ይሁን ሩቅ፣ ፎቶው ላይ በአንድ አግድም መስመር ላይ ይውላል፤ እሱም የአድማሱ መስመር ነው። እንግዲህ መሶቡ ከሚቀመጥበት መሬት ተነስታችሁ እስከዚያ መስመር ብትለኩ 1 ሜትር ከ50ን ታገኛላችሁ። 80 ሴንቲሜትር የሆነ መሶብ ከዚያ ርቀት ከግማሽ ጥቂት ከፍ ይላል። ሰው ያህል የገዘፈ ወይም ስኒ ያህል ያነሰ መሶብ እንዳይሠራ መለኪያችን ይህ ነው። መሶቡ ከካሜራው በታች ስለሆነም ክዳኑን ከላይ ማየት አለብን። ሞዴሉ ልክ በጎን እንደታየ አድርጎ ካመጣው ጣሉትና ድጋሚ ጠይቁ።

አራተኛው ጠርዝ ነው። መሶቡ ቄጠማው ላይ ሲቀመጥ ጥቂት የቄጠማ ዘለላዎች ከእግሩ ፊት ለፊት ብቅ ማለት አለባቸው። እግሩ በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ካለቀ ውሸቱ እዚያው ይታወቃል። የምርጫችሁን ጠርዝ በቄጠማው ውስጥ አሳልፉት፤ ለ ግሬ ስፌቱን አድማሱ ላይ እንደደበቀው እናንተም ሣሩ ውስጥ ደብቁት።

ከሁሉ የሚከብደው የነጠላ ጠርዝ ነው። ነጠላ ስስ ነው፤ ከኋላው ያለውን ግማሽ ያሳያል፣ ግማሽ ይሸፍናል። በ1984 የሉካስፊልም ባለሙያዎች ቶማስ ፖርተርና ቶም ዳፍ የዚህን ሒሳብ ሕግ አሳትመዋል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ በተጨማሪ ምን ያህል እንደሚሸፍን የሚናገር አራተኛ ቁጥር ይኖረዋል። ስለዚህ ከነጠላው ኋላ አዲስ ነገር ስታስቀምጡ በነጠላው ውስጥ በመጠኑ መታየት አለበት። የነጠላውን ዘርፍ አንድ ባንድ መለየት ካልተቻለ መሶቡን ከነጠላው ፈቀቅ ማድረግ ይሻላል። ብልህ ባለሙያ አስቸጋሪውን ጠርዝ ጨርሶ አይነካውም።

የጠርዝን ነገር ዓለም ሁሉ ያየበት አጋጣሚ አለ። በመጋቢት 2024 የዌልስ ልዕልት ካትሪን ከልጆቿ ጋር የተነሳችው ፎቶ በእንግሊዝ የእናቶች ቀን ይፋ ሆነ። ወዲያው አሶሺየትድ ፕሬስን ጨምሮ ታላላቅ የዜና ወኪሎች ፎቶውን ከስርጭት አነሱት። ካስጠረጠሩት ነገሮች አንዱ የትንሿ ልጅ የሹራብ እጅጌ ጫፍ ነበር፤ ከእጇ ጋር አልገጠመም። ልዕልቷ በማግስቱ ፎቶውን ራሷ እንዳስተካከለችው ገልጻ ይቅርታ ጠየቀች። ነገሩ የተለመደ የፎቶ ማስተካከል ሥራ ነበር፤ አንዲት የእጅጌ ጫፍ ግን የሙሉውን ፎቶ ተአማኒነት ይዛ ወደቀች።

አምስተኛው ጥራት ነው። የስልክ ፎቶ፣ በተለይ ሲመሽ የተነሳ፣ ጥቃቅን ነጠብጣብ አለው፤ ባለሙያዎች ኖይዝ ይሉታል። ኤአይ የሚያመጣው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የጠራ ነው። ንጹሕ መሶብ በነጠብጣባማ ፎቶ ውስጥ ይጮኻል። ሁሉን ካስተካከላችሁ በኋላ በመሶቡ ላይ የፎቶውን ያህል ኖይዝ ጨምሩ። መሶቡ ከትኩረቱ ውጭ በሆነ ቦታ ከተቀመጠም ጎረቤቱን ያህል ይደብዝዝ። የተገላቢጦሹም ችግር አለ። ጄኔሬቲቭ ፊል ሲጀመር የሚፈጥረው ምስል በአንድ ጎን 1,024 ፒክስል ብቻ ነበር። በ3,000 ፒክስል ቦታ ላይ ሲዘረጋ ይፈዛል። እንዲህ ያለ ገደብ ባለው መሣሪያ ስትሠሩ ትልቁን ቦታ ከፋፍላችሁ በትንሽ በትንሹ ሙሉት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን የምነግራችሁን ጻፉት። አንዳንድ መሣሪያዎች፣ በተለይ በጽሑፍ እያናገራችሁ የሚሠሩት፣ የመረጣችሁትን ቦታ ብቻ አይነኩም፤ ፎቶውን በሙሉ እንደ አዲስ ይሠሩታል። መሶብ ጠይቃችሁ መሶብ ታገኛላችሁ፤ ነገር ግን የእናት ፊት በስሱ ተቀይሮ ይመጣል። ጉንጫቸው ላይ ያለችው ማርያም የሳመቻት ምልክት ትጠፋለች፣ የግንባራቸው መስመር ይለሰልሳል፣ ዓይናቸው የሌላ ሰው ይመስላል። ቸኩሎ ያየ ሰው ልብ አይለውም፤ ልጃቸው ግን ይለየዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዋናውን ፎቶ በታችኛው ሌየር፣ ማለትም በታችኛው ንብርብር፣ አስቀምጡ፣ ኤአዩ የሰጠውን በላዩ አድርጉ፣ ከዚያ ማስክ በሚባለው መሸፈኛ መሶቡና ጥላው ብቻ እንዲታዩ አድርጋችሁ የቀረውን ሸፍኑ። የሰዎቹ ፊት ካሜራው እንዳነሳው ይቆያል። ዋናውን ፋይል ደግሞ ሳትነኩ በሌላ ቦታ አኑሩት።

ከእኛ ባህል የሆነ ነገር ስትጠይቁም ተጠንቀቁ። እነዚህ ሞዴሎች የተማሩት በአብዛኛው ከኢንተርኔት በተሰበሰበ ምስል ነውና መሶብ ብትሏቸው ተራ ቅርጫት፣ ጀበና ብትሏቸው የሻይ ማንቆርቆሪያ ሊያመጡ ይችላሉ። ስሙን ብቻ ከመንገር ቅርጹን ግለጹ፦ ከሣር እየተጠማዘዘ የተሰፋ፣ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ ክዳኑ ሾጣጣ፣ ጌጡ በቀይና በአረንጓዴ ቀለም። ከተቻለም የራሳችሁን መሶብ በዚያው ግቢ፣ በዚያው ሰዓት አንስታችሁ እንደ ማጣቀሻ ስጡት። የአማርኛ ጽሑፍን ደግሞ ለኤአዩ አትተዉ። ፊደል የሚመስል፣ ግን የማይነበብ ጭረት ሊሠራ ይችላል። ጽሑፍ የሚያርፍበትን ሰሌዳ ባዶ አሠርታችሁ ጽሑፉን በፊደል ቅርጸት ራሳችሁ ጻፉበት።

ሥራው ካለቀ በኋላ ፈትሹት። ፎቶውን እንደ መስታወት ግራና ቀኙን ገልብጡ፤ የለመደ ዓይን ያለፈው ስሕተት ይገለጣል። ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት፤ መሶቡ ከጎረቤቱ ይልቅ ከበራ ወይም ከጠቆረ ያኔ ይለያል። አሳንሱትና ከሩቅ እዩት፤ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መሶቡ ከሆነ ገና አልተዋሐደም። በመጨረሻም ስለ ሥራው ለማያውቅ ሰው አሳዩትና "ምን ታያለህ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ "መሶቡ እንዴት ነው?" አትበሉ።

አድማጮቼ፣ እስካሁን ስለ "እንዴት" ተናገርን። "የት" የሚለውም እኩል ይመዝናል። አንድ ነገር ይበልጥ ተፈጥሯዊ በመሰለ ቁጥር ተመልካቹ እውነት ነው ብሎ የመቀበሉ ዕድል ይጨምራል፤ የሠሪው ኃላፊነትም በዚያው ልክ ያድጋል። ለበዓል መልካም ምኞት ካርድ መሶብ መጨመር ማንንም አይጎዳም። የሌለ ዕቃ ለገዢ ማሳየት ግን ማጭበርበር ነው። ዜና ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ ቦታ የለውም። በ2003 የሎስ አንጀለስ ታይምስ ፎቶ አንሺ ብራያን ዋልስኪ ኢራቅ ውስጥ ያነሳቸውን ሁለት ፎቶዎች አጋጥሞ አንድ በማድረጉ ከሥራው ተባሯል። ሁለቱም ፎቶዎች እውነተኛ ነበሩ፤ የተጋጠመው ቅጽበት ግን ከቶ አልነበረም። በአገራችንም የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) አለ፤ ሁከትና ግጭት ሊያስነሳ የሚችል ሐሰተኛ መረጃን፣ ሐሰተኛነቱን እያወቁ በምስል ማሰራጨት ይከለክላል።

በሕይወት የሌለን አባት በልጁ የሠርግ ፎቶ ላይ እንዲያስገቡ የሚጠየቁ ባለሙያዎች አሉ። ጥያቄው ከፍቅር የመነጨ ነውና በአክብሮት ሊሠራ ይገባዋል። ነገር ግን ከዓመታት በኋላ አልበሙን የሚገልጡት የልጅ ልጆች አያታቸው ሠርጉ ላይ እንደነበሩ አምነው እንዳያድጉ፣ በሕይወት ያሉት የቤተሰቡ አባላት ይስማሙበት፤ ከፎቶው ሥርም እውነቱ ይጻፍ።

ለዚህ የሚያግዝ ቴክኖሎጂም አለ። በ2021 አዶቤ፣ ማይክሮሶፍት፣ ቢቢሲና ሌሎች ድርጅቶች ፎቶ ከየት እንደመጣና ምን እንደተደረገበት በፋይሉ ውስጥ የሚመዘግብ የጋራ ደረጃ ለማውጣት ተሰባስበዋል። ይሁን እንጂ ፎቶው በስክሪንሾት ሲቀዳ ያ መዝገብ ይጠፋል። በሰው ቋንቋ የተጻፈ አንድ መስመር ግን ፎቶው ላይ እስካለ ድረስ አብሮት ይጓዛል።

ስለዚህ የዛሬው አደራዬ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ከአልበማችሁ አንድ ፎቶ አውጡና ምንም ሳትጨምሩበት ብርሃኑን፣ ጥላውንና የካሜራውን ከፍታ በወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ኤአዩ ሂዱ። ሥራችሁ ሲያልቅ ደግሞ "ይህ ፎቶ በኤአይ የተጨመረ ነገር አለበት" ብላችሁ ከሥሩ ጻፉ፤ ለሌላ ሰው ስትልኩም መስመሩን አትቁረጡት።

(መለያ ሙዚቃ)